በድንጋይ መካከል የፈካው የካቲት

የአሜሪካዋ ከተማ ዴንቨር በየካቲት መጨረሻ ገና ከበረዶ አልተላቀቀችም፤ ሆኖም ከቤቴ በስተደቡብ ባለው የድንጋይ አትክልት ቦታዬ፣ ድንጋዮቹ የቀኑን ፀሐይ እያጠራቀሙ በዙሪያቸው ያለውን በረዶ ቀድመው ስለሚያቀልጡት፣ ክሮከስ የሚባሉ ቢጫና ሐምራዊ ትንንሽ አበቦች ከጠጠሩ መካከል ብቅ ብለዋል። ክሮከስ ሲሞቀው ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዘው መልሶ ይከደናል፤ ስለዚህ በማለዳ የወጣ ሰው ቀለሙን እምብዛም አያይም። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነው ድንክ አይሪስ ነው፤ በሰማያዊ አበባው ላይ ያለችው ብርቱካናማ መስመር ከሩቅ ትጣራለች። ቀደም ሲል የተከልኳቸው ሽንኩርት መሰል ሥሮች ውኃ በሚቋጥር ጭቃማ አፈር ውስጥ በስብሰው ቀርተውብኝ ነበር፤ በጥቅምት አፈሩን ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ቀላቅዬ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሬ ሌሎች ተከልኩ። ቢጫውን ክሮከስ ባየሁ ቁጥር አደይ አበባ ትዝ ትለኛለች፤ እርሷ ግን የምትፈካው ክረምቱን ተከትላ በመስከረም ነው እንጂ በበረዶ መካከል አይደለም።