ያረገዘች በግ ትንፋሽ ሲያጥራት

መንዝ ውስጥ የእንስሳት ክሊኒክ ነው የምሰራው፣ ቦታው ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። በቀደም አንዲት እማማ በግ እየጎተቱ መጡ፣ "ልጄ ትንፋሽ አጥሯታል፣ ግልገሉም በሆዷ ነው" አሉኝ። ሳያት አፍንጫዋ በወፍራም ንፍጥ ተደፍኗል፣ አንገቷን ዘርግታ በአፏ ነው የምትተነፍሰው፣ ጎኗ ገባ ወጣ ይላል፣ ጡቷ ደሞ ተወጥሯል። ባልደረባዬ ቶሎ ያቀልላታል ብሎ ዴክሳሜታዞን የሚባለውን እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት በሲሪንጅ ስቦ ጨርሷል። እጁን ያዝኩት፣ "ቆይ ወንድሜ፣ ይሄን ከወጋሃት እኮ ትወልዳለች!"

በግ ላይ ምጥ የሚያስጀምረው ግልገሉ ነው። እርግዝናዋ 5 ወር ገደማ ነው፣ በመጨረሻዎቹ 2 ሳምንታት ከግልገሉ ኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል እጢ ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን እየጨመረ ያመነጫል፣ እሱ ሳንባውን ያደርሳል ምጡንም ያመጣል። የኒውዚላንዱ ሀኪም ሊጊንስ ይሄን በበግ ላይ ነው ያሳየው፣ እ.ኤ.አ. 1969። ዴክሳሜታዞን ደሞ የኮርቲሶልን ስራ ነው የሚሰራው።

ግን ይበልጥ ያስጨነቀኝ የአየሩ ነገር ነው። እናቲቱ ኦክሲጅን ሲያንሳት ግልገሉም ያንሰዋል፣ እሱ ደሞ ድሮም በደሙ ያለው ከእሷ በጣም ያነሰ ነው። ያኔ አድሬናሊኑና ኮርቲሶሉ ይጨምራል፣ አድሬናሊኑ ቆሽቱን ስለሚያፍነው ኢንሱሊኑ ይወርዳል፣ ደሙ ከእግርና ከአንጀት ተቀንሶ ወደ አንጎልና ልብ ይሄዳል። ለትንሽ ጊዜ ከሆነ ያተርፈዋል፣ ከቆየ ግን እድገቱ ይገታል፣ ያለጊዜው መወለድም ይመጣል።

ባልደረባዬ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ "ታዲያ እዚህ ከፍታ ላይ የመንዝ በጎች ሁሉ ለምን አይጨነግፍባቸውም?" ካሊፎርኒያ ዋይት ማውንቴን የሚባል ተራራ ላይ፣ 3820 ሜትር፣ ያረገዙ በጎችን አቆይተው አጥንተዋል፣ የግልገሎቹ ኮርቲሶል በደህናው ጊዜ ዝቅ ያለ ቦታ ካሉት አይለይም፣ እጢው ራሱን ይገታል ማለት ነው፣ እትብታቸው ሲጫን ግን ማለትም ሌላ ጭንቀት ሲደረብባቸው ከነዛኞቹ በላይ ነው የሚያሻቅበው። የነሱ በጎች ከዝቅተኛ ቦታ የወጡ ናቸው፣ የኛዎቹ ግን ከዘር ማንዘራቸው እዚሁ የኖሩ ስለሆኑ እንዳለ ወስጄ አልገለብጠውም፣ ቢሆንም ደጋ ላይ የሳንባ በሽታ ድርብ ሸክም ነው ብዬ ነው የማምነው።

ዴክሳው ቀረ። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ወጋናት፣ እማማንም ማታ ከምድጃው ጭስ ራቅ አርገው፣ ነፋስ የማያገኘው ቦታ ደረቅ ጉዝጓዝ ላይ እንዲያሳድሯት ነገርናቸው። ሳሉ ለካ ከያዛት ሰንብቷል፣ በራሱ ይለቃታል ብለው ነው የቆዩት፣ አልፈርድባቸውም ክሊኒኩ ለሳቸው ሩቅ ነው።

ቀኗን ጠብቃ ወለደች። ግልገሉ አነስ ያለ ነው ግን ቆሞ ጠብቷል፣ ስቡ ትንሽ ስለሆነ ብርዱን አይችልምና እንገሩን ቶሎ ቶሎ እንዲያጠቡት፣ ሌሊት ደሞ በጨርቅ እንዲሸፍኑት ነግሬያቸዋለሁ።