ሰርቪሱ ቆሞ ለምን ይጨሳል?

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሹራቧ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። የመንገዱ ነው ብዬ አጥቤ አልፌዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ራሴ ልቀበላት ወደ አራት ኪሎ ሄድኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከበሩ ውጭ ሰርቪሶቹ ተደርድረዋል፤ ሃይሩፍ አለ፣ ቅጥቅጥ አለ፣ አሮጌ ኮስትርም አለ። የሁሉም ሞተር ይሠራል። ሹፌሮቹ ወርደው ጥላ ሥር ያወራሉ። ልጆቹ በመኪኖቹ መሀል እየተሽሎከለኩ የየራሳቸውን ሰርቪስ ይፈልጋሉ፤ የእኔዋ ደግሞ ቦርሳዋን እንዳዘለች ልክ አንዱ ኮስትር ጭስ ማውጫ አጠገብ ቆማ ጓደኛዋን ትጠብቃለች። ያኔ ነው የገባኝ። ጭሱ እኔን የሚያገኘኝ ወገቤ ላይ ነው። እሷን አፍንጫዋ ላይ።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012 ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የሲጋራ ጭስና አስቤስቶስ ያሉበት ምድብ ነው። አስም ያለበትን ልጅ ደግሞ ያንኑ ቀን ነው የሚያስቸግረው። ጥላሸቱ በጣም ደቃቅ ስለሆነ አፍንጫ አያስቀረውም፤ ሳንባ ድረስ ዘልቆ ይገባል። ልጆች ከእኛ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ፣ ሳንባቸውም ገና እያደገ ነው።

የእኛ ከተማ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ አሮጌ የናፍጣ ሞተር በቂ ኦክስጅን አያገኝምና ያልተቃጠለው ነዳጅ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። የአየር ፊልትሮው ከተደፈነማ ይብሳል። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ብርዱ ስለሚጫነው ጭሱ ወደ ላይ አይወጣም፣ ከፒያሳ ቸርችልን ቁልቁል ያየ ሰው መንገዱ ላይ ተኝቶ ያየዋል።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተመራማሪዎች በተማሪ አውቶብሶች ጭስ ውስጥ መለያ የሚሆን ጋዝ ቀላቅለው፣ መኪናውን እየነዱ፣ ውስጡ ያለውን አየር ለክተው ነበር። አውቶብሱ የራሱን ጭስ መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባል። መስኮት ሲዘጋ ይብሳል፣ መኪናው ሲያረጅም ይብሳል። እኔ ደግሞ ብርድ እንዳይመታት ብዬ “መስኮቱን ዝጊ” የምላት እናት ነኝ! አሁን መንገዱ ሲለቀቅ ትንሽ ክፈቺ፣ የሚያጨስ መኪና ፊት ለፊት ካለ ዝጊ እላታለሁ።

የእኛን ሰርቪስ ሹፌር ጠጋ ብዬ አናገርኳቸው።

“ጋሼ፣ ልጆቹ እስኪወጡ ሞተሩን ለምን አያጠፉትም?”

“እህቴ፣ ባትሪው ደክሟል። ካጠፋሁት ማን ይገፋልኛል? ሃያ ልጅ ጭኜ መንገድ ላይ ብቀር ወላጅ ሁሉ ይጮህብኛል።”

እውነታቸውን ነው። ግዴለሽነት መስሎኝ ተናድጄ ነበር የሄድኩት፣ ነገሩ ግን የባትሪ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፣ ጥሩ ነው፤ ልጆቻችንን የሚያመላልሱት አሮጌ ሰርቪሶች ግን ነገም ከነገ ወዲያም እዚሁ ናቸው። የኤሌክትሪክ አውቶብስ እስኪመጣ ልጄ መተንፈሷን አታቆምም።

ስለዚህ ማታውኑ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። የሰርቪሱ ባለቤት የባትሪውን ግማሽ እችላለሁ አሉ፣ ግማሹን እኛ አዋጣን። ትምህርት ቤቱም መኪኖቹ ከበሩ ትንሽ ራቅ ብለው፣ ሞተር አጥፍተው እንዲቆሙ ተስማማ። እስካሁን የሚያጠፉት ሁሉም አይደሉም። የእኛ ሹፌር ግን ከሰኞ ጀምሮ ያጠፋሉ፣ ልጆቹ ከተሳፈሩ በኋላ ነው የሚያስነሡት።

የኋላ በሩ ጎማ ገና አልተቀየረም። ተሰነጣጥቋል፣ ጭሱ በዚያ በኩል ይገባል፣ የኋላ ወንበር የሚይዙት ደግሞ ትንንሾቹ ናቸው። ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ሄጄ ዋጋውን እጠይቃለሁ።