ሮዜሺያን በየምልክቱ ለይቶ ማከም፦ ከራሴ ልምድ

ሮዜሺያ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ የሚጀምር፣ የፊትን መካከለኛ ክፍል ማለትም ጉንጭን፣ አፍንጫን፣ አገጭንና ግንባርን የሚያጠቃ የረጅም ጊዜ የቆዳ ብግነት ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። እኔ ይህ ሕመም እንዳለብኝ የታወቀው ፊቴ ለረጅም ጊዜ ሲያቃጥለኝና ትናንሽ እባጮች ሲያወጣ ከቆየ በኋላ ነው። የመዘግየቱ ዋና ምክንያት ቆዳዬ ጠይም በመሆኑ መቅላቱ ጎልቶ አለመታየቱ ነበር። ስለ ሕመሙ የተጻፈው አብዛኛው ነገር «ፊት ይቀላል» ብሎ ስለሚጀምር ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ራሱን በዚያ ገለጻ ውስጥ አያገኝም፤ ሐኪሞችም ቢሆኑ ብጉር፣ አለርጂ ወይም ማድያት ነው ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። ይህን የምጽፈው ከሁሉ በፊት እንዲህ ላለው ሰው ነው።

በጠይም ቆዳ ላይ ከቀለሙ ይልቅ ስሜቱ ቀድሞ ይናገራል። ፀሐይ ላይ ስቆም፣ ሙቀት ያለበት ክፍል ስገባ ወይም ስናደድ ጉንጮቼ በድንገት ይግሉ ነበር። ከዚያ በፊት ምንም ያላደረገኝን ክሬም ስቀባ ፊቴ ይለበልበኝ ጀመር፤ ቆዳዬም ደረቀ፣ ሻከረ። መቅላቱ ባይጠፋም ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጠቆር ያለ ቡናማ ያደላ ስለ ነበር የፀሐይ ጥቁረት ይመስል ነበር። የመረመረችኝ የቆዳ ሐኪም ጉንጬን በስስ መስታወት ጫን አድርጋ ስትለቀው ቆዳው ለአፍታ ገርጥቶ እንደ ገና ሲጠቁር አሳየችኝ፤ በሰፉ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ደም ሸሽቶ ሲመለስ መሆኑ ነው። ቀጥሎም ዓይኔን ይቆረቁረኝ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። ይቆረቁረኝ ነበር፤ ነገር ግን ከፊቴ ጋር የሚገናኝ መሆኑን ከዚያ ጥያቄ በፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሕመሙን ከሚመስሉት ነገሮች መለየት ለሕክምናው ወሳኝ ነው። በብጉር ላይ የተደፈኑ ቀዳዳዎችና ጥቋቁር ነጥቦች ይታያሉ፤ ሮዜሺያ እባጭና መግል ቢኖረውም እነዚህ ነጥቦች የሉትም። ማድያት ቀለም ብቻ ነው፤ አያቃጥልም፣ በሰዓታት ውስጥም መጥቶ አይሄድም። ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም፣ በጉንጭ ላይ የሚያወጣው ሽፍታ ከአፍንጫ ወደ አፍ ዳር የሚወርደውን እጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ይዘላል፤ ከዚህ ጋር የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ብርቱ ድካም ካለ ምርመራው ከቆዳ አልፎ መሄድ አለበት።

የሕመሙ መነሻ አንድ ብቻ አይደለም። በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ዝንባሌ አለው። ቆዳን ከተሕዋስያን የሚጠብቀው ካቴሊሲዲን የተባለ ፕሮቲን በሮዜሺያ በተያዘ ቆዳ ውስጥ ከመጠን በላይ ይመረታል፤ ከእርሱ የሚገኙት ቁራጮችም ብግነትን ይቀሰቅሳሉ፣ የደም ሥሮችንም ያሰፋሉ። ሙቀትንና የሚያቃጥል ቅመምን የሚለዩ የነርቭ መቀበያዎችም ለትንሹ ነገር ሁሉ ይቆጣሉ። ዴሞዴክስ የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት በአብዛኛው አዋቂ ሰው ፊት ላይ የሚኖሩ ሲሆኑ፣ በሮዜሺያ ሕሙማን ቆዳ ላይ ግን በዝተው ይገኛሉ። ይህን ማወቄ በጣም አረጋግቶኛል፤ ምክንያቱም በዙሪያዬ የነበሩ ሰዎች ሁሉ የበላሁትንና የጠጣሁትን ይመረምሩ ነበር። በተለይ የአፍንጫ ቆዳ ሲወፍር «ጠጪ ነው» የሚባለው ነገር ሐሰትም ጭካኔም ነው፤ አልኮል የፊትን ግለት ሊያነሣሣ ይችላል እንጂ በሕይወቱ አልኮል ያልቀመሰ ሰውም ይህ ሕመም ይይዘዋል።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ምልክቶቼን አንድ በአንድ ለያይቶ ማየት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ባለሙያዎች ሕመሙን በአራት ዓይነት ከፍለውት ነበር፤ ከ2017 ወዲህ ግን ብዙ ሕሙማን ከአንዱ ዓይነት በላይ ስለሚታይባቸው ምርመራውም ሕክምናውም በእያንዳንዱ ሰው ላይ በሚገኙት ምልክቶች እንዲመራ ተመክሯል። ለእኔ ይህ አሠራር በተግባር የተለየ ትርጉም ነበረው። እባጩን የሚያጠፋው መድኃኒት ግለቱን እንደማያጠፋ፣ ግለቱን የሚቀንሰውም ለዓይን እንደማይጠቅም ከገባኝ በኋላ አንድ ቅባት ሁሉን ነገር እንዲያድን መጠበቄን ተውሁ።

ለእባጩ የታዘዘልኝ 1 በመቶ የአይቨርሜክቲን ክሬም ሲሆን በቀን አንድ ጊዜ የሚቀባ ነው። ከእርሱ ሌላ 0.75 በመቶ ሜትሮኒዳዞልና 15 በመቶ አዜላይክ አሲድ ለዚሁ ዓላማ ይታዘዛሉ። አዜላይክ አሲድ መጀመሪያ ላይ ይለበልባል፤ ሆኖም እባጩ ከዳነ በኋላ የሚቀረውን ጠባሳ መሰል ጥቁረት ስለሚያደበዝዝ ለጠይም ቆዳ ድርብ ጥቅም አለው። ከክሬሙ ጋር ለተወሰነ ጊዜ ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ በቀን 40 ሚሊ ግራም በዝግታ በሚለቀቅ መልኩ ወስጃለሁ። በዚህ መጠን መድኃኒቱ ብግነትን ያበርዳል እንጂ ባክቴሪያን ለመግደል የሚበቃ አይደለም፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም። ለውጡ ቶሎ አልመጣም። እነዚህ ሕክምናዎች ውጤታቸው በአግባቡ የሚመዘነው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ከተወሰዱ በኋላ ነው፤ ሐኪሟ ይህን አስቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ መሐል ላይ ማቋረጤ አይቀርም ነበር።

ብግነትን በፍጥነት ስለሚያበርደው የስቴሮይድ ክሬም አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ሮዜሺያ መሆኑ ከመታወቁ በፊት ከአንድ ባለሙያ እንዲህ ያለ ክሬም ተሰጥቶኝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊቴ እጅግ ጥሩ ሆነ፤ ሲቆም ግን ከቀድሞው የባሰ ግለትና እባጭ ተመለሰ። ስቴሮይድ ፊት ላይ ሲደጋገም ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ሮዜሺያ ባልነበረበት ሰው ላይም ተመሳሳይ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ቆዳን ለማንጣት የሚሸጡ አንዳንድ ቅባቶችም በመለያቸው ላይ ሳይጻፍ ስቴሮይድ ይይዛሉ። ለረጅም ጊዜ ሲጠቀም የቆየ ሰው ማቆሚያውን ከሐኪም ጋር ቢመክርበት ይሻላል።

ግለቱን በተመለከተ መድኃኒት ከመጨመር ይልቅ ቀስቃሾቹን መለየት መረጥሁ። ብሪሞኒዲን የተባለው ጄል የደም ሥሮችን አጥብቦ ቅላቱን ለሰዓታት ይቀንሳል፤ ነገር ግን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሲለቅ ቅላቱ በርትቶ ስለሚመለስ እኔ አልፈለግሁትም። በማስታወሻ ደብተር ላይ ፊቴ የጋለበትን ሰዓትና ከዚያ በፊት የነበረውን ሁኔታ እጽፍ ነበር። የሁሉም ሰው ቀስቃሽ አንድ ስላልሆነ፣ ሰው የከለከለውን ሁሉ በጅምላ መተው ኑሮን ከማጥበብ በቀር ጥቅም የለውም ብዬ አምናለሁ። ለምሳሌ ቡናን ተው የሚለኝ ብዙ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 የታተመ ጥናት ግን በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ የተጠጣ ቡናም ሆነ በዚያው ሙቀት የተጠጣ ተራ ውኃ ፊትን እንደሚያግል፣ ካፌይን ብቻውን ግን እንደማያግል አሳይቷል። እኔም የምወደውን መጠጥ ሳልተው ለብ እስኪል መጠበቅ በቃኝ። የአካል እንቅስቃሴንም አልተውሁም፤ አንዱን ረጅም ልምምድ በአጫጭር ከፍዬ ነፋሻ በሆነ ቦታ፣ አንገቴ ላይ እርጥብ ፎጣ አድርጌ እሠራለሁ።

ፀሐይ በእኔ ላይ ከሁሉም የበረታ ቀስቃሽ ሆና ተገኝታለች። ስለዚህ በየቀኑ የመከላከል አቅሙ መለኪያ (ኤስ.ፒ.ኤፍ) ቢያንስ 30 የሆነ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ መከላከያ እቀባለሁ። እንዲህ ያለው መከላከያ በጠይም ፊት ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበትና የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ግን ነጩን ከማስቀረቱም በላይ ጥቁረትን ከሚያባብሰው የሚታይ ብርሃንም ይከላከላል። ፊቴን የምታጠበው ለብ ባለ ውኃና መዓዛ በሌለው ለስላሳ ማጽጃ ነው፤ የሚፈገፍግ ማጽጃ፣ አልኮል ወይም ሜንቶል ያለበትን ነገር ሁሉ አስወግጃለሁ። አዲስ ነገር ስጀምር አስቀድሜ አንገቴ ጎን ላይ ለጥቂት ቀናት እሞክረዋለሁ።

ዓይን ተለይቶ መነገር ያለበት ጉዳይ ነው። መድረቅ፣ መቆርቆር፣ የዓይን ቆብ ጠርዝ ማበጥና መቅላት የሮዜሺያ አካል ሊሆኑ ይችላሉ፤ አልፎ አልፎም ከፊት ምልክት ቀድመው ይመጣሉ። ሞቅ ያለ እርጥብ ጨርቅ በተጨፈነ ዓይኔ ላይ ለደቂቃዎች አስቀምጬ፣ ከዚያ የሽፋሽፍቱን ሥር በቀስታ አጸዳለሁ፤ ሰው ሠራሽ የእንባ ጠብታም እጠቀማለሁ። ሕመም፣ ብርሃን መፍራት ወይም የእይታ ብዥታ ከመጣ ግን ብግነቱ የዓይንን ብሌን ሊጎዳ ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ዛሬ እባጩ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ክሬሙን በሐኪሟ ምክር በሳምንት ለጥቂት ቀናት ብቻ መቀባት ቀጥያለሁ፤ ፈጽሞ ሲተው ሕመሙ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ግለቱ ቢቀንስም አሁንም ይመጣል፤ በአፍንጫዬ ዳርና ዳር ያሉት የሰፉ የደም ሥሮችም በቅባት አይጠፉም። ለእነርሱ ያለው መፍትሔ ሌዘር ሲሆን፣ በጠይም ቆዳ ላይ ያልተመጠነ ብርሃን ቃጠሎና ነጭ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ሊተው ይችላል። ስለዚህ የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖ ሜትር የሆነውንና ለጠቆረ ቆዳ የተሻለ ደኅንነት ያለውን መሣሪያ፣ በእንደ እኔ ባለ ቆዳ ላይ ደጋግሞ የሠራበት ሐኪም እስካገኝ ድረስ ሕክምናውን አቆይቼዋለሁ።