ደብተሬ ያልሰማው ድምፅ

አዳማ ስንገባ ኦሮምኛን ከታናሽ ወንድሜ ቀድሜ እንደምለምድ አልተጠራጠርኩም። ከልጅነቴ ንባብ እወዳለሁ፤ ተመሳሳይና ተቃራኒ ቃል ፈልግ ቢሉኝ አይከብደኝም። እሱ መጽሐፍ ሲገልጥ እንቅልፉ ይመጣል። በስድስት ወሩ ግን እሱ ገበያ ላይ ተከራክሮ ሽንኩርት ሲገዛ፣ እኔ «ሜቃ?» ብዬ ዋጋ እጠይቅና መልሱ ያልፈኛል።

ነገሩ ስላንገበገበኝ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1959 ከስታንሊ ሳፖን ጋር የቋንቋ ተሰጥኦ ፈተና ያወጣው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ካሮል ተሰጥኦውን በአራት ይከፍለዋል፤ ድምፅን ለይቶ መያዝ፣ ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ሥራ ማስተዋል፣ ከምሳሌ ሕግ ማውጣት፣ ቃልን ከነትርጉሙ መሸምደድ። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዋ ሪቤካ ኦክስፎርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 የመማሪያ ስልቶችን ስድስት ቦታ ከፈለቻቸው፤ ከሰው ጋር እያወሩ መማርም፣ ያላወቁትን በግምት ማለፍም እዚያ ውስጥ አሉ። እኔ ሁለቱንም አልነካኋቸውም ነበር። «ዴሜ» ሄደ፣ «ዴምቴ» ሄደች፣ «ዴምኔ» ሄድን ሲባል ሥሩና ቅጥያው ወዲያው ስለሚታየኝ፣ ትምህርቴ ሁሉ ደብተርና ሠንጠረዥ ሆነ። ቃል የሚቀለው ሰው የሚመቸውን ስልት ይዞ ሊቀር ይችላል፤ በእኔ የደረሰው ይሄው ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ያሉ እናት ቤት ቡና ላይ ልስልስ ያለ ነገር ለማለት ፈልጌ «ላፋ» አልኩ። መሬት ማለቴ ሆነ! ለስላሳ የሚሆነው ሁለቱም አናባቢ ሳብ ሲል ነው። አማርኛ ተነባቢ ያጠብቃል እንጂ በአናባቢ ርዝመት ትርጉም አይለይም፣ ጆሮዬ ከየት ይልመደው? ቤት ገብቼ ደብተሬን ሳይ ሁለቱንም በፊደላችን «ላፋ» ብዬ ጽፌያቸዋለሁ። ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ ቢሆን ረጅሙን አናባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጽፈው ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ወንድሜ አንዱንም አልጻፈ፤ ሲሳሳት ያርሙታል፣ ይደግመዋል፣ ወሬው ይቀጥላል።

አሁን በቁቤ ነው የምጽፈው። ጠዋት እኚያው እናት ጋ ሄጄ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ያርሙኛል። ወንድሜ ደግሞ መናገሩን እንጂ ማንበቡን ስለማይችል ማታ ማታ እኔ አስጠናዋለሁ። ትናንት «ዴምቴ» ለምን «ሄድክ»ም «ሄደች»ም እንደሚሆን ጠየቀኝ፤ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲለው ኖሮ አስተውሎት አያውቅም። የእኛስ «ትሄዳለህ» እና «ትሄዳለች» በያቺው «ት» አይደል የሚጀምሩት፣ አልኩት።