እንግዳ ስንጠብቅ ነፋሱ ቀደመን

አሥራ ስምንት ሆነን ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በካያክ (በመቅዘፊያ በምትሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) ቀዝፈን ለጋሪ አህዮች ሕክምና ገንዘብ ሰብስበናል። ፎቶውን ያየ ሁሉ «ግሩም ሥራ ነው» ይላል። እኔ ግን ያንን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው አራት ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬቶች ላይ ነው። የለበሷቸው ሰዎች ውሃ ሊነኩ የመጡ አልነበሩም። ውሃው ላይ ልንወጣ የነበርነው እኛ ነበርን።

በመጀመሪያ ስለ አህያዎቹ። አሳቡን ለሰው ስናገር ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ «ሰው ሳይታከም አህያ?» ይላል። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ አህያ ያለባት አገር ናት። ሐዋሳም ብትሆን ባጃጅ የሚችለውን ባጃጅ ይሸከማል፣ የተረፈውን አሸዋና እህል ደግሞ አህያ ይጎትታል። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ውስጥ የአህያ ቄራ ተከፍቶ በሕዝብ ቁጣ ሲዘጋ አብረን ተቆጥተናል። በ2016 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያ ለቆዳው ሲባል እንዳይታረድ ሲወስኑ ደስ ብሎናል። ይሁን እንጂ ውሳኔው ከቢላዋ እንጂ ከናይለን ገመድ አላዳናቸውም። በሠፈሬ ካለው ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ገጣባ ያልሆነ አህያ ከማየት ሎተሪ ማግኘት ይቀላል። ቁስሉን የሚያመጣው የጭነቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ መደላድል የሌለው ገመድ ቆዳውን ይበላዋል፣ ሸክሙም የጀርባ አጥንቱ ላይ በቀጥታ ያርፋል። ወፍራም የጥጥ መደላድልና ትንሽ የቁስል መድኃኒት ብዙ ይለውጣል። እኛም የፈለግነው ይህንኑ ነበር።

ቀላሉን በአጭሩ ልለፈው። ስድስት ባለ አንድ ሰውና ስድስት ባለ ሁለት ሰው ካያኮች ከአንድ መዝናኛ ተከራይተን በአይሱዙ አስመጣን። ሁለት እሑድ ጠዋት ዳር ዳሩን ተለማመድን፤ ተገልብጦ መልሶ መውጣትንም ጭምር። ከአሞራ ገደል ተነስተን የምሥራቁን ዳርቻ ይዘን ወደ ሰሜን ስድስት ኪሎ ሜትር፣ ስንመለስም ስድስት ልንቀዝፍ ወሰንን። ወደ ሐይቁ የሚገባው የጥቁር ውሃ ወንዝ አካባቢ ጉማሬ ስላለ እዚያ ሳንደርስ እንመለሳለን። ደጋፊዎች በኪሎ ሜትር ይህን ያህል ብር ብለው ቃል ገቡልን። መነሻችን ከንጋቱ 12፡30 ነበር። ሐዋሳ የኖረ ሰው ሁሉ ሐይቁ ጠዋት እንደ መስታወት እንደሚተኛ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ እንደሚነሳ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ጥፋቱ የጀመረው ከፈቃድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ከሚሰጠው ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጀመሪያው ቀን «የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ» ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን የድጋፍ ደብዳቤው ማኅተም ደብዝዟል ተባለ። በሦስተኛው ቀን አንድ ደግ የሚመስል ሠራተኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የክብር እንግዳ ብትጋብዙ እኮ ቶሎ ያልቃል» አለኝ። እውነትም አለቀ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው እጄ ገባ፤ የክብር እንግዳችንም አንድ ኃላፊ ሆኑ። እኔ ደግሞ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ በደስታ ባነር አሠራሁ። ማንም እጄን ጠምዝዞ አላስጋበዘኝም። ፎቶው ላይ ትልቅ ሰው ቢኖርበት ብዙ ገንዘብ ይመጣል ብዬ የተመኘሁት እኔው ነኝ።

የቅዳሜው ቀን ደረሰ። ከንጋቱ 12፡00 ሁላችንም ዳርቻው ላይ ነበርን። ውሃው ጸጥ ብሏል፣ አባ ኮዳዎች የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፣ እኛ ደግሞ እንግዳ እንጠብቃለን። 1፡00 ሆነ። ስንደውል «መንገድ ላይ ናቸው»። 2፡30 ሆነ፤ «መንገድ ላይ ናቸው»። የሒሳብ መምህር የሆነው ጓደኛችን «በዚህ ፍጥነት ከሞያሌ ነው የሚመጡት» አለ። 3፡30 ላይ «እንነሳ፣ ስንመለስ ይቀበሉን» ያሉ ነበሩ። እኔ ከለከልኩ። ነውር ነው አልኩ። ደግሞም ቀጣዩን ደብዳቤ ማን ይሰጠናል ብዬ አሰብኩ።

እንግዳው 4፡40 ላይ ሃያ ያህል ሰው አስከትለው ደረሱ፤ የጋበዝነው ስድስት ነበር። ንግግሩ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ወሰደ። ስለ ቱሪዝም ነበር፤ አህያ የሚለው ቃል አንድም ጊዜ አልተነሳም። ቀጥሎም የካሜራ ባለሙያው እንግዶቹ በሞተር ጀልባ ላይ ሆነው ቢቀረጹ ያምራል አለ። የሞተር ጀልባው አንድ ብቻ ነው፤ የተከራየነውም ለነፍስ አድን ነው። ላይፍ ጃኬቱም አሥራ ስምንት ብቻ ነው፣ በልክ በልካችን። አራቱ ተወሰዱ። «አምስት ደቂቃ ነው» አሉኝ።

አምስት ደቂቃው አላለቀም። ሰዓቱ 5፡20 ሲሆን ያለ ነፍስ አድን ጀልባና ያለ አራት ጃኬት እንነሳ ያልኩት እኔ ነኝ። «ዳር ዳሩን ነው፣ ደግሞም ዋና ይችላሉ» አልኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት እሰማዋለሁ።

ስንሄድ ነፋሱ ከኋላችን ነበር። በአንድ ሰዓት ከሩብ ስድስት ኪሎ ሜትሩን ጨረስን፤ ሁላችንም ጀግና ሆንን። ሰው ነፋስ ሲገፋው ጉልበቱ የራሱ ይመስለዋል። ስንዞር ግን ሐይቁ ሌላ ሐይቅ ሆኖ ጠበቀን። የሐዋሳ ማዕበል እንደ ባሕር አይቆለልም፤ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ አንዱን አልፈህ ሳትተነፍስ ሌላው ይደርሳል። አሥር ጊዜ ቀዝፈን ዳርቻው ላይ ያለችውን ዛፍ ስናያት እዚያው ናት። የፈቃድ ደብዳቤው ደግሞ «በአንድ ረድፍ፣ ርቀት ጠብቀው እንዲጓዙ» ይላል፤ እኛም እንደ ሞኝ ታዘን ስለነበር በደቂቃዎች ውስጥ ተበታተንን፣ የፊተኛው የኋለኛውን አይሰማም።

ከኋላ ጩኸት ሰማሁ። ባለ ሁለት ሰው ካያክ ተገልብጧል። ከሁለቱ አንዷ ጃኬት ከሌላቸው አራቱ ናት። ለመመለስ ስዞር ማዕበሉ ጎኔን መትቶ እኔንም ሊገለብጠኝ ምንም አልቀረውም። ስደርስ ሁለቱም የካያኩን ሆድ አቅፈው ይዘዋል፤ በልምምዱ ላይ ካያክህን አትልቀቅ ያልነው ብቻ ነው ያዳናቸው። ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ሦስት ጊዜ ያለ ችግር የወጡበትን ካያክ አሁን ሊወጡበት አልቻሉም። አንድ መቅዘፊያ ተንሳፍፎ ሄደ። ከከረጢት ስልክ አውጥቼ ለጀልባው ሹፌር ደወልኩ። «እንግዶቹን ምሳ አድርሼ እየወጣሁ ነው» አለኝ። ምሳው እኛ የከፈልንበት ምሳ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል የሰማሁት ስንት ጊዜ ነው! ያን ቀን ግን ገባኝ።

ያዳኑን ቄጠማው አጠገብ መረብ ሲጠግኑ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። በሁለት የእንጨት ጀልባ መጡ፤ ሁለቱን ከውሃ አወጡ፣ የደከሙትንም ከነካያካቸው በገመድ ጎተቱ። በመንገዳችን ላይ የአንዱን መረብ በካያካችን አፍ ቀደድንበት። ሸምገል ያሉት ዓሣ አጥማጅ መሬት ላይ ካደረሱን በኋላ እርጥብ ቲሸርቴን አይተው «ልጄ፣ ጠዋት የት ነበራችሁ?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ «ንግግር እያዳመጥን ነበር።» አልሳቁም። የሞተር ጀልባው ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ደረሰ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ገንዘቡን በተመለከተ እንዲህ ሆነ። የተገባልን ቃል 212,000 ብር ነበር፤ በእጃችን የገባው 148,500። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትሩን ስላልጨረሳችሁ በማለት ሒሳብ የቀነሰብን ሰው አለ፤ ስሙን አልረሳውም። ለአይሱዙ 32,000፣ ለቲሸርት 12,600፣ ለባነር 4,800፣ ለሞተር ጀልባና ነዳጅ 9,000፣ ለእንግዶች ምሳ 21,400 ወጣ። ለአህያዎቹ የቀረው 68,700 ብር ነው። የቲሸርት፣ የባነርና የምሳው ወጪ ተደምሮ 38,800 ነው፤ አንድም አህያ ቲሸርታችንን አላነበበም። የተቀደደውን መረብ ከኪሳችን አዋጥተን ከፈልን፤ ከአህያው ገንዘብ መውሰድ አሳፈረን።

እንዲህ ዓይነት ነገር ለማድረግ የምታስቡ ካላችሁ፣ ቢሮዎቹ ከሚነግሯችሁ የተለየ ነገር እነግራችኋለሁ። ዝግጅቱ በንግግር ይከፈት ሲሏችሁ እሺ በሉና ንግግሩን መድረሻው ላይ አድርጉት፤ የዘገየ እንግዳ ይዘግይ። መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት ቅዘፉ፣ ስትደክሙ ወደ ቤት እንዲገፋችሁ። በረድፍ አትሂዱ፤ ባልደረባችሁ ሲስል በምትሰሙበት ርቀት ሁኑ። ለእያንዳንዱ ሰው ፊሽካ ግዙ፤ እኛ አንድም አልነበረንም። ለቃል ኪዳን ደረሰኝ አትቁረጡ፤ ብሩን ቀድማችሁ ተቀበሉ። ካያክ ራሱ የግድ ነው ወይ ብላችሁም ጠይቁ። እኔ ሳስበው የዓሣ አጥማጆቹን ጀልባ ተከራይተን ኪራዩን ለእነሱ ብንከፍል ኖሮ አይሱዙውም ይቀር ነበር፣ የሚያውቁ ሰዎችም አብረውን ይሆኑ ነበር። ፎቶው ግን አያምርም፤ በጊዜው የሚያሳስበኝ ደግሞ ፎቶው ነበር።

በቀረው ገንዘብ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አራት ቅዳሜ ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ቁስል አጠበ፣ የጥገኛ ትል መድኃኒት ሰጠ፣ ሰኮና አስተካከለ። መደላድሉን በሠፈራችን ያሉ ሴቶች ከጥጥና ከሸራ ሰፉት። አንዳንድ ባለ ጋሪዎች መደላድሉን ወስደው ለራሳቸው መቀመጫ አደረጉት፤ ይህም እውነት ነውና አልደብቅም። አብዛኛው ግን እስካሁን አህያዎቹ ላይ ነው፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እቆጥረዋለሁ።

በኋላ ከቢሮው ደብዳቤ ደርሶኛል። ስለ ተሳትፏችን ያመሰግንና የዝግጅቱን ሪፖርት ከእንግዶች ብዛት ጋር በሦስት ቅጂ እንድናቀርብ ይጠይቃል። እኔም ሪፖርቱን በላክሁ ጊዜ አራቱን ላይፍ ጃኬቶች እንዲመልሱልን በትሕትና ጨምሬ ጻፍኩ። ሁለቱ ተመልሰዋል። የሁለቱን ዋጋ ለመዝናኛው ከኪሴ ከፍያለሁ።