ሁለት ፓኬት ኬንት

ዛሬ ጠዋት የሆስፒታል ቀጠሮ ነበረኝ። ከቤት ልወጣ ስል እጄ ሳላስበው ወደ መሳቢያው ሄደ። ለካ ፖስታ እየፈለግኩ ነው። ቡካሬስት አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ይሄ ልማድ ግን አልለቀቀኝም።

በደርግ ጊዜ ለትምህርት ተልከን ስንመጣ መጀመሪያ ያወቅነው ነገር ኬንት ሲጋራ ለማጨስ እንዳልሆነ ነው። በኮሚኒስቱ መሪ በቻውሼስኩ ሩማኒያ ኬንት ገንዘብ ነበር። ለሐኪሙ ሁለት ፓኬት፣ ለሥጋ ሻጩ አንድ። ሳይከፈት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሱቁ ባዶ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሰው መኖር አለበት። እኛም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል እየሰማን ያደግን ልጆች ነን። ብዙም አልገረመንም።

እ.ኤ.አ. በ1989 ቻውሼስኩ ወደቀ። ኬንቱ ቀረና ገንዘብ ያለበት ፖስታ ተተካ። ልጄ ስትወለድ ለሐኪሙም፣ ለነርሷም፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም ሰጥቻለሁ። ጉቦውን «ሽፓጋ» ይሉታል። ያኔ የሚያሳፍረው መስጠቱ አልነበረም፤ ባዶ እጅ መሄዱ ነበር።

ኦክቶበር 30፣ 2015 ኮሌክቲቭ የሚባለው የምሽት ክበብ ተቃጠለ። 64 ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ወጣቶች። ቤቱ የእሳት አደጋ ፈቃድ አልነበረውም። ከእሳቱ ተርፈው ሆስፒታል ውስጥ በኢንፌክሽን የሞቱም ነበሩ። በኋላ በሆስፒታሎች ያለው የጀርም ማጥፊያ ውሃ ተጨምሮበት እንደነበር ተጋለጠ። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ «ሙስና ይገድላል» አለ። በቀናት ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቪክቶር ፖንታ ሥልጣን ለቀቁ። እኔ ሙስና ሲባል የባለሥልጣን ቪላ ነበር የሚታየኝ። ያን ሰሞን ግን የራሴ ፖስታ ታየኝ። አይቶ እንዳላየ የሚያልፈውን ሰው ያስለመድነው እኛ ነን።

ጃንዋሪ 31፣ 2017 መንግሥት በሌሊት ድንጋጌ አወጣ። ጉዳቱ በሩማኒያ ገንዘብ ከ200,000 ሌይ በታች ከሆነ ሥልጣንን አላግባብ መጠቀም ወንጀል አይሆንም የሚል ነው። ልጄ ደወለችልኝ። «አባዬ፣ ልበስና ና!» ቪክቶሪ አደባባይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰዉ «በሌሊት፣ እንደ ሌባ!» እያለ ይጮሃል። ፌብሯሪ 5 ድንጋጌው ሲሻር በመላ አገሪቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወጥቶ ነበር። አደባባዩ በስልክ መብራት ደምቆ ሳለ ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እኔ ስወለድ ስንት ሰጠህ?»

መልስ አልነበረኝም።

ዛሬ መሳቢያውን ዘጋሁት። ከ2018 ወዲህ የሐኪሞች ደመወዝ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ድሮ የምንለው ሰበብም የለም። ተራ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስንት ነው የሚሰጠው?» አሉኝ። ምንም እንዳልያዝኩ ነገርኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። ፖስታቸውን ግን ከእጃቸው አላወጡም።