በአባባ ጨዋታ ውስጥ ጀግናዋ እማዬ ነበረች

ስለ ዓባይ በረሃ ያልተጋነነ ወሬ ብቻ እየሰማ ያደገ የደጀን ልጅ ያለ አይመስለኝም። ከከተማዋ እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙንም ሊያወልቅ ይቃጣዋል። እንዲህ ያለ አገር ተወልዶ ወሬን ልክ አድርጎ ማውራት ይከብዳል። አባባ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር።

እሱ እንደሚለው፣ በጉብዝናው ዘመን ዓባይን የተሻገረው በአዞ ጀርባ ነው። "ድልድዩ እያለ?" ስንለው "ድልድዩማ ለፈሪ ነው የተሰራው" ይለናል። አዞው ታዲያ መሃል ውሃ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆምና "ራበኝ" ይላል። አባባ ስንቁን ፈትቶ እማዬ የቋጠረችለትን ድርቆሽ ይሰጠዋል። አዞው ቀመስ ያደርግና "እንዲህ ያለ እጅ ያላትን ሴት ባል መብላት ነውር ነው" ብሎ ማዶ ያደርሰዋል።

ጮቄ ተራራ ላይም ጅቦች ከበውት ያውቃሉ። ያዳነው የእማዬ ድምፅ ነው። እሷ ደጀን ሆና ዶሮዎቿን ስትጣራ ጅቦቹ ሰምተው ፈረጠጡ። ጮቄ ከእኛ ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ልብ ያልኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የትኛውም ጨዋታው ላይ አባባ በራሱ ጉልበት ያመለጠበት የለም። ሁልጊዜ የምታወጣው እሷ ናት። በእኛ አካባቢ የእሱ ዕድሜ ሰው ሚስቱን በሰው ፊት አያሞግስም። ስሟን እንኳን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም፣ "ኧረ አንቺ!" ነው የሚላት። እሷም "አንቱ" ትለዋለች። በቃ፣ ፍቅራቸው በአደባባይ የሚታየው ይሄው ነበር። የቀረውን በሙሉ ለአዞው አስነገረው።

እማዬ ማታ ማታ ጀርባዋን ሰጥታን ቆሎ ትቆላለች። አባባ ድርቆሹ ጋ ሲደርስ ማማሰያው እጇ ላይ ቀጥ ይላል፣ ምጣዱ ላይ ያለው ገብስ እስኪያር ድረስ። "ኤዲያ! አንቱ ደግሞ" ትላለች። ግን እንግዳ መጥቶ ጨዋታውን ካሳጠረው "አዞው ምን አለ ነበር?" ብላ የምታስታውሰውም እሷው ናት።

ታላቅ ወንድሜ ቁጥር ይወድ ነበር። አባባ ከበላይ ዘለቀ ጋር ቁርስ በልቻለሁ ይል ነበርና፣ ወንድሜ ከትምህርት ቤት መጥቶ "በላይ ዘለቀ የተሰቀለው በ1937 ነው፣ አባባ የተወለደው በ1942" አለ። ቤቱ ጭጭ አለ። አባባ ትንሽ አሰበና "ታዲያ ያን የመሰለ ጀግና ለእንግድነት ሲመጣ ሞት ያግደዋል እንዴ?" አለው። ወንድሜ ሳቀ። ሳይቆጣው፣ ሳያሳፍረው መለሰው። እኔ ከአባባ ብዙ ነገር ወርሻለሁ ብል ከሁሉም በፊት የማነሳው ይህቺን መልስ ነው፣ ምክንያቱም ልጁ እንደገና ከመጠየቅ አልፈራም፣ አባትየውም ከማውራት አላፈገፈገም።

አባባ ከሞተ በኋላ እኔና ወንድሜ በመሬት ነገር ተኳረፍን። ዝርዝሩ ይቅር። በተዝካሩ ማግስት ግን እህታችን ለልጆቿ የአዞውን ጨዋታ ስታወራ "በሶ ሰጠው" አለች። ሁለታችንም እኩል "ድርቆሽ ነው!" ብለን ጮህንባት። ከዚያ አዞው የቆመው መሃል ውሃ ላይ ነው፣ የለም ዳር ሊደርስ ሲል ነው እየተባባልን ሌሊቱ ተጋመሰ። የመሬቱ ጉዳይ በዚያች ማታ አላለቀም። ግን ሲነጋ እየተነጋገርን ነበር፣ የቀረውም በሽማግሌ አለቀ።

አሁን ጨዋታውን የያዘችው እማዬ ናት። የራሷን እየጨመረች ነው የምታወራው። በእሷ አነጋገር አባባና አዞው ድርቆሹን እኩል ተካፍለው በልተዋል፣ ተመራርቀውም ተለያይተዋል። ባለፈው ፋሲካ የእህቴ ልጅ "አያቴ፣ ግን እውነት ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

"ድርቆሹን የቋጠርኩት እኔ ነኝ" አለቻት፣ "ሌላ ማንን ልትጠይቂ ነው?"